የመጀመሪያዋን ፈተና አጥብቀው ያርሙ የነበሩት የሂሳብ መምህር

ዛሬ የምንሸኛቸው የሂሳብ መምህር ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1952 ዓ.ም. ተወለዱ። ከወንድሞቻቸው ታናሽ ስለነበሩ ጫማም ሆነ ደብተር የሚደርሳቸው ሌላው ከጨረሰው በኋላ ነበር።

አንደኛና ሁለተኛ ደረጃን በሰፈራቸው ተምረው ዩኒቨርሲቲ ገቡ። የመጀመሪያዋን የሂሳብ ፈተና ወደቁ። እልህ ያዛቸውና በዓመቱ መጨረሻ ከክፍሉ አንደኛ ወጡ። ኋላ ላይ ኑሯቸውን ያቃናችውም ያጣመመችውም ይህቺው እልህ ናት።

በ1976 ዓ.ም. እዚያው በተማሩበት ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነው ተቀጠሩ። የመጀመሪያዋን ፈተና ሆን ብለው አጥብቀው ያርሙ ነበር። መልሱ ልክ ሆኖ አንዲት መስመር ከተዘለለች ግማሹን ይቆርጣሉ። «ሰው ካልተቆጨ አያጠናም» ይሉ ነበር። ተቆጭተው የተነሱት ተማሪዎች ቆይተው ቢሯቸው ድረስ እየመጡ አመስግነዋቸዋል። ተስፋ ቆርጠው የቀሩት ግን አልመጡም፤ ማንስ ያንን ሊናገር ይመጣል? እሳቸውም ሁሉም የተነሳ መስሏቸው ኖሩ።

በ1979 ዓ.ም. ነርስ ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ወንድና ሴት ልጅ አፈሩ። ቤትም ገብተው ማረም አይተዉም ነበር። ምግብ ጣፈጠ አይሉም፤ «ደህና ነው፣ ይሻሻላል» ነው የሚሉት። ባለቤታቸው አንድ ቀን «እንግዲያው አንተ ሥራና እኔ ላርምህ» ብለው ማማሰያውን አስጨበጧቸው፤ ያን ቀን ቤተሰቡ ዳቦ በሻይ በልቶ አደረ። እኛ ጎረቤቶችም አጥር ቀለም በቀባን ቁጥር «ሲ ፕላስ» ይሉን ስለነበር ስሙ እሳቸው ላይ ቀረ። ሲጠሩበት ይስቁ ነበር እንጂ አይቆጡም።

በ1999 ዓ.ም. ወንድ ልጃቸው እሳቸው የሚያስተምሩበት ክፍል ገባ። ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያየውን የመኪና ታርጋ ሁሉ ሲደምርና ሲያካፍል ያደገ ነው። ፈተናው ሲታረም አባት ሁለት ነገር ፈሩ፤ ልጁ እንዳይኩራራ፣ ሰውም «ለልጁ አዳላ» እንዳይላቸው። ከማንም ይልቅ የእሱን ወረቀት አጥብቀው አርመው ከክፍሉ መጨረሻ አደረጉት። ከዚያ ሲነሳ ለማየት ይጠብቁት ጀመር።

ልጁ አልተነሳም። መጀመሪያ ክፍል ውስጥ መጠየቅ ተወ፣ ቀጥሎም መጽሐፍ መግለጥ። እናቱ «ምነው የኔ ልጅ?» ሲሉት «ብሠራም ባልሠራም ያው ነኝ፣ እማዬ። ከማንም በላይ የሚያውቀኝ ሰው እኮ ነው ያረመኝ» አላቸው።

ይህን ሲሰሙ አባት ደነገጡ። ወረቀቱን ለሥራ ባልደረባቸው ሰጥተው ቢያሳርሙት ከክፍሉ ሁሉ በላጩ ሆኖ ተገኘ። ውጤቱን አስተካክለው ልጃቸውን ይቅርታ ጠየቁ። ልጁ ግን «አሁን የትኛውን ልመን አባዬ? ይኼኛውንስ አዝነህልኝ ቢሆን?» አለና ትምህርቱን ትቶ መስታወት ቤት ተቀጠረ።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ የመጀመሪያዋን ፈተና ያለ ውጤት ይመልሱ ጀመር፤ ስህተቱን ከነማስተካከያው ብቻ ይጽፉበታል። ትምህርት ሊያቋርጥ ነው የተባለ ተማሪ ካለ ማደሪያው ድረስ ይሄዳሉ። አንዳንዱ ይመለሳል፣ አንዳንዱ በሩንም አይከፍትላቸውም። የድሮ ተማሪዎች ሊያመሰግኗቸው ሲመጡ ደግሞ «ሌሎቹስ የት ደረሱ?» ብለው ይጠይቃሉ።

በ2012 ዓ.ም. ጡረታ እንደወጡ የኩላሊት ሕመም ያዛቸው። ወደ ሆስፒታል የሚያመላልሳቸው ወንድ ልጃቸው ነበር። ትራሳቸውን ያስተካክላል፣ ጺማቸውን ይላጫቸዋል፤ ስለ ትምህርት ግን አያወሩም። አንድ ቀን ጋሼ እንደምንም ደፍረው «በማታውም ቢሆን ግባና ጨርሰው፣ እባክህ» አሉት። «እሱን ተወው አባዬ፣ መድኃኒትህን ዋጥ» አላቸው። ዋጡ። ሁለተኛ አላነሱበትም። ሕክምናው ሳይረዳቸው ቀርቶ ጥር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በስልሳ አራት ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ፋርማሲስቷን ሴት ልጃቸውንና መስታወት ቆራጩን ወንድ ልጃቸውን ትተው ሄደዋል። ይህ ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ወንድ ልጃቸው አንብቦት «ልጃቸውም ይቅር ብሏቸዋል» የሚለውን እንድንሰርዝ ጠየቀን። «አላልኩትም። እለዋለሁ እያልኩ ቀደመኝ» አለን። ሰረዝነው።

ፈጣሪ ለጋሼ ነፍስ ዕረፍትን፣ ሊላቸው አስቦ ሳይላቸው ለቀረው ልጃቸውም መጽናናትን ይስጥ።