ከጎጆ የመጣ ጭኮ

ሰኞ፣ መስከረም 12

ተላጭተው መጡ። ኦቦ ቶሎሳ፣ የእህቴ የደጊቱ ባል። ጺምዎን ተላጭተው ይምጡ ብዬ በስልክ የለመንኳቸው እኔው ነኝ፤ ግን ጎረቤቴ ወርቄ በር ላይ ቆመው ሳያቸው ፊቴን አዞርኩ። አርባዋ ሳይወጣ ባሏ ተላጨ። መነኸሪያው አጠገብ ካለው ፀጉር ቤት በቀጥታ ነው የመጡት። አገጫቸውን ምላጭ ቆርጧቸው ቁራጭ ሶፍት ለጥፈውበታል።

«ደጊቱ ይቅር ትበለኝ» አሉኝ።

ደጊቱ ካረፈች ዛሬ ሃያ ስድስት ቀኗ ነው። እማዬ አታውቅም። ሐምሌ ላይ ደም ብዛቷ ተነስቶባት ሐኪም ቤት ዘጠኝ ቀን ተኝታ ነበር፤ ስትወጣ «የሚያስደነግጥ ነገር አታሰሟት» አሉን። ያኔ ወገቤን አሞኝ ስለነበር ያስታመመቻት ደጊቱ ናት። አስታማ፣ እዚህ አምቦ እቤት አድርሳ፣ ጄልዱ ወዳለችው ከተማዋ ወደ ጎጆ ተመለሰች። ነሐሴ ላይ ራሷ ታመመች፣ በአራተኛው ቀን አለቀ። የታመመችው ተርፋ ያስታመመችው ሄደች።

ስለዚህ እኛ ቤት ሐዘን የለም። ሐዘኑ ያለው ጎረቤቴ ወርቄ ቤት ነው። ጥቁር ቀሚሴ እሷ ጓዳ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ሊያስተዛዝነኝ ሰው ሲመጣ እዚያ ሄጄ እለብሰዋለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ ፊቴን ታጥቤ ባለ አበባዋን ቀሚሴን ለብሼ እመለሳለሁ። እማዬ «ወርቄ ቤት ምን አለሽ?» ስትለኝ «ድራማ እናያለን» እላታለሁ።

ኦቦ ቶሎሳ ገብስ ይዘዋል። ደጊቱ በየዓመቱ ለመስቀል ጭኮ ሠርታ ለእማዬ ትልክ ነበር፤ የተቆላ የገብስ ዱቄት በንጥር ቅቤ አሽታ፣ በዱቄት ወተት ጣሳ ጠቅጥቃ። የዘንድሮውን ገብስ ከመታመሟ በፊት ለቅማ፣ «ይሄ የአዮ፣ የእናቴ ነው» ብላ ለይታ አስቀምጣው ነበር አሉኝ። ጣሳውንም ይዘው መጥተዋል፣ ባዶውን። ሁሉንም ወርቄ ቤት ደበቅነው።

ከዚያ እማዬ ዘንድ ገብተው በኦሮምኛ ሰላም አሏት። «አካም ጅርቱ፣ አዮ?»

«ነጋ፣ ደህና ነኝ ልጄ። ደጊቱስ?»

«ደህና ናት። ላሟ ወልዳ፣ ጥላት መምጣት አቃታት። ጭኮው ሐሙስ በመኪና ይመጣል።» ይህን ሲሉ ግድግዳውን ነበር የሚያዩት።

እማዬ ጠርታ አጠገቧ አስቀመጠቻቸው። አገጫቸውን በሁለት መዳፏ ይዛ መረቀቻቸው፣ በኦሮምኛም በአማርኛም። ረጅም ምርቃት ነበር። ምሳ ሳይበሉ ሄዱ።

ባለቤቴ ግርማ ከንስሐ አባታችን ጋር ተነጋግሯል። እሁድ ንጋት ላይ መርዶ ይነገራታል። «መስቀልን በሰላም ትዋል፣ አርባው ሳይደርስ እንነግራታለን» ነው የሚለው። ስድስት ቀን ቀረኝ።

ማክሰኞ፣ መስከረም 13

ዛሬ የሠራሁት፦ ገብስ መቁላት፣ መፈተግ፣ ወፍጮ ቤት መላክ። ያልሠራሁት፦ ማልቀስ። ወርቄ ቤት ከቆላሁ በኋላ ጊዜ አልነበረኝም።

የደጊቱ ገብስ ትልልቅ ነው፣ እንደ እሷ ጥርስ። አንድ ጠጠር አላገኘሁበትም። እኔ ብሆን ግማሹ ጠጠር ይሆን ነበር። ታላቄ ስለሆነች አይደለም፣ እጇ እንደዚያ ነው። ነበር።

እቤት ስገባ እማዬ አሸተተችኝ። «ገብስ ገብስ ትሸቻለሽ።»

«ወርቄ በሶ እየሠራች ነው።»

«ድራማውስ?»

«እሱንም እያየን።»

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ደነገጥኩ። ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች፣ ጥለቱን ላይ፣ አንገቷ ዙሪያ፣ ልክ እንደ ሐዘንተኛ። ማን ነገራት? ኋላ ግን ትናንትም ጫማዋን ግራና ቀኝ አቀያይራ አድርጋ እንደነበር ትዝ አለኝ። እያረጀች ነው። ቀስ ብዬ ነጠላዋን አዙሬ አስተካከልኩላት። አየችኝ ብቻ።

ልጄ ሲፈን ግን «እማ፣ እኔ ከእንግዲህ እሷን እያየሁ መዋሸት አልችልም» አለችኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ እስክትጠራ እቤት ናት። አትዋሺ፣ ዳቦ ቆሎ ሥሪ አልኳት። ሊጡን አቡክታ፣ ቆራርጣ፣ ጠበሰች። ሁለት ሰፌድ። ግማሹ እንደ ባቄላ፣ ግማሹ እንደ ድንች። እማዬ አንዱን ትልቁን አንስታ «ይህችኛዋ የጄልዱ ድንች ናት» ብላ አሳቀችን። ሲፈን ስቃ ስቃ ስታበቃ ወደ ጓሮ ሄደች። ያለ ምክንያት አይደለም የሄደችው።

ረቡዕ፣ መስከረም 14

ጭኮው ወርቄ ጓዳ ታሸ።

ቅቤውን በኮረሪማና በጦስኝ አነጠርኩት። ጦስኙን ኦቦ ቶሎሳ ከገብሱ ጋር አምጥተውት ነው፣ ደጊቱ የጎጆውን ጦስኝ ካላገኘች ቅቤ አታነጥርም ነበር። ሽታው ሲነሳ እሷ ጓዳ የገባች መሰለኝ። ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብዬ ጥቂት ጠበቅኩ። ምን እንደምጠብቅ አላውቅም።

ችግሩ ጾም ነው። ረቡዕ ቅቤ አይቀመስም። ነገ እንዳላሸው ለነገ ነው ቀጠሮው፣ ሐሙስ ይመጣል ተብሎ ተነግሯታል። ስለዚህ በዓይን፣ በአፍንጫ፣ በእጅ። የደጊቱን መጠን የጻፈ የለም። ዱቄቱ ቅቤውን ጠጣ፣ ጨመርኩ፣ ደግሞ ጠጣ።

ወርቄ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። «ሳትቀምሺ ጭኮ ስታሺ አንቺን አየሁ። ለጠላት ነው እንዴ?»

«ለእናቴ ነው።»

«እንግዲያ እጅሽ ያውቀዋል።»

እውነቷን ነው፣ እጄ ያውቀዋል። ከልጅነታችን ጀምሮ ደጊቱ ስታሽ እኔ ዱቄት አቀባይ ነበርኩ። እጄን ለቀቅኩት፣ እሱ ሠራ። ጣሳው ውስጥ ጠቅጥቄ፣ አናቱን በማንኪያ ጀርባ አለሳለስኩት። ቁርጥ የሷ። ወርቄም «ቁርጥ የሷ» አለች። ደስ አለኝ። በደስታዬ አፈርኩ።

ሐሙስ፣ መስከረም 15

ግርማ ጣሳውን በፌስታል ይዞ ከመነኸሪያ እንደመጣ ሰው ገባ። «እማማ፣ ከጎጆ መልእክት አለዎት።» ሃያ አምስት ዓመት አስተምሮ አንድ ቀን ቀጣፊ ሲሆን አይቼው አላውቅም፤ ዛሬ አሳምሮ ሆነ። ከዚያ ለብቻው ደጅ ወጥቶ ቆመ።

እማዬ ከፈተችው። አሸተተችው። ዓይኗን ጨፍና ቆየች። በጣቷ ቆርሳ ጎረሰች፣ ቀስ ብላ አላመጠች። ሁለተኛ ቆረሰች። ሦስተኛ።

«እጇን ይባርከው» አለች።

ሲፈን ተነስታ ወጣች። እኔም ለመሆኑ ምን ምን ይላል ብዬ ትንሽ ቀመስኩ።

ጨው።

ጨው አድርጌበታለሁ። ለእማዬ ጨው ክልክል ነው። ደጊቱ ከሐኪም ቤት ይዛት የመጣች ዕለት የጨው ዕቃውን ራሷ አንስታ ለወርቄ ሰጥታለች፣ «ይህ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት አይገባም» ብላ። እኔም ሁለት ወር ሙሉ ወጧን ያለ ጨው ሠርቻለሁ፣ አንድ ቀን አልሳትኩም። ትናንት ግን እዚያው የወርቄ ጓዳ፣ እዚያው የጨው ዕቃ አጠገብ፣ እጄን ለቀቅኩት። እጄ የሚያውቀው የድሮውን ነው። ጾም ባይሆን ቀምሼ አውቀው ነበር።

ጣሳውን ላነሳ ስል እጄን ያዘችኝ። «ወዴት ትወስጂዋለሽ?»

«በአንድ ቀን እንዳታበዢው ብዬ።»

«ተይው። ነው ወይስ የልጄን ጭኮ ልትነፍጊኝ ነው?»

ተውኩት። ምን ልበል? ጨው አለበት ካልኩ ደጊቱ ናት ያደረገችው ማለት ነው። ደጊቱ አታደርግም። አንዱን ውሸት የነካሁ እንደሆነ ሁሉም ይናዳል። ማታ ራት ላይ ፊቷን ፊቷን ሳይ አመሸሁ፤ ቀላ? ላበች? አንዷን ልጇን ደብቄባት ሌላዋ ልገድላት ነው እያልኩ።

ዓርብ፣ መስከረም 16

ጠዋት ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፣ «ለበዓሉ እንለካ» ብዬ። ደም ብዛቷ አልጨመረም። የለካቻት ልጅ ጥሩ ነው ስትለኝ ልስማት ምንም አልቀረኝ። ዛሬ ደግሞ ጾም ስለሆነ ጣሳው መደርደሪያ ላይ ያድራል። እግዚአብሔር አንድ ቀን ሰጠኝ።

ጓሮው አደይ ብቻ ሆኗል። ጭቃው ደርቋል፣ ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል። እንዲህ ባለው ቀን ደጊቱ ከጎጆ መኪና ትወርድ ነበር፣ ብርድ ለምዳ የአምቦን ፀሐይ «ይሄ እሳት» እያለች።

ሲፈን የነገውን ድፎ ዳቦ አቡክታ አስቀምጣለች። ኮባውን እኔ ቆረጥኩላት። አመሻሹ ላይ ግርማና እሷ ደመራ ሄዱ። እማዬን እንሂድ ብንላትም እምቢ አለች፣ በየዓመቱ የምትሄደው ሴትዮ። «ከዚሁ ጭሱን አያለሁ» አለች። ጎን ለጎን በር ላይ ተቀመጥን። ደመራው ሲለኮስ እልልታው ተሰማ። እማዬ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እልል አላለችም። እኔም አላልኩም። ደክሟት ይሆናል።

ቅዳሜ፣ መስከረም 17

የሲፈን ዳቦ አመድ አመድ ብሎ ሥሩ ትንሽ አሯል፣ ውስጡ ግን ጥሩ ነው። በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነው። እማዬ ባርካ ቆረሰች። ለግርማ፣ ለእኔ፣ ለሲፈን፣ ለወርቄ። ከዚያ ከመሐሉ፣ ካላረረው፣ ትልቅ ቆርሳ በጨርቅ ጠቅልላ ለሲፈን ሰጠቻት። «ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላሉት ነዳያን አድርሺ።»

«በማን ስም ልበል፣ እማማ?»

«ዝም ብለሽ ስጪ።»

ጭኮውንም በላች፣ በጣም ትንሽ። እኔ እያየሁ ነበር፣ እሷም እያየችኝ።

ኦቦ ቶሎሳ ከሰዓት ደርሰዋል፣ ወርቄ ቤት ያድራሉ። ነገ ነው። ቀሚሴን አምጥቼ አልጋው ሥር ሸሽጌዋለሁ። ይህን ስጽፍ እሷ ከወዲያ ክፍል ስትጸልይ ይሰማኛል። ለመጨረሻ ጊዜ ሁለት ልጅ እንዳላት ሆና ትተኛ።

እሁድ፣ መስከረም 18

ጎህ ሲቀድ ገባን። ፊት አባ፣ ከኋላ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ኦቦ ቶሎሳ፣ ግርማ፣ እኔ በጥቁር። ተኝታለች ብለን ነበር። አልጋዋ ተነጥፏል። እሷ ጫፉ ላይ ተቀምጣለች፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ።

አባ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ እጇን አነሳች። «አይድከሙ፣ አባ። አውቃለሁ።»

ከዚያ «ደጊቱ» አለች፣ አንድ ጊዜ፣ ሰው እንደምትጠራ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፍም። አለቀስን። በገዛ ቤቴ አለቀስኩ። እንዳትሞትብኝ እጇን ይዤ ነበር፤ ኋላ ሳየው እሷ ናት እኔን የያዘችኝ።

ድንኳኑ ተተከለ፣ ሰው መጣ፣ ወርቄ ንፍሮውን ቀቀለች። ከሰዓት ሰው ሳሳ ሲል አጠገቧ ተቀመጥኩ። ማን ነገረሽ አልኳት።

«ማን ይነግረኛል? ወርቄ ቤት ስታለቅሺ ይሰማል። ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ልጄ። ምን ዓይነት ድራማ ነው እንዲህ የሚያስለቅሳት እያልኩ እኔም ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ አብሬሽ አለቅስ ነበር፣ ማን እንደሞተ እንኳ ሳላውቅ። ሰኞ የቶሎሳን ፊት ሳይ ለየልኝ። ላዩ ፀሐይ መትቶታል፣ ታቹ ነጭ ነው። ጺም ነበረበት። ቶሎሳ ጺም የሚያሳድገው ለማን ነው?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽን?»

«ስትሯሯጡ አየሁ። እናንተ እኔን ልታሳርፉ ትለፋላችሁ፣ እኔ ደግሞ እናንተን። ደግሞ ነጠላዬን ማክሰኞ ዘቅዝቄው ነበር፣ አንቺ አዞርሽብኝ።»

አልቻልኩም። ጨው እንዳደረግኩበት ነገርኳት፣ ይቅር በይኝ አልኩ፣ ከሐሙስ ጀምሮ እንዴት እንደሆንኩም ነገርኳት።

«እንደጎረስኩት አውቄዋለሁ» አለች። «ደጊቱ ከሐኪም ቤት ወዲህ ጨው አታስነካኝም ነበር። ያንቺ ነው ብዬ ነው የበላሁት። አንቺስ ልጄ አይደለሽ?»

ከዚያ ለኦቦ ቶሎሳ ስጪው አለችኝ፣ ጣሳውን። ቆርሰው ጎረሱ። የጦስኙ ሽታ ሲመጣባቸው ፊታቸውን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞሩ። አገጫቸው ላይ ጺሙ ብቅ ብቅ ማለት ጀምሯል።

ገብሱ ግማሹ ተርፏል። ለአርባዋ ያለ ጨው አሸዋለሁ፣ በማክሰኞ፣ ቀምሼ። እማዬ አሁን ተኝታለች፤ ትንፋሿን ሁለት ጊዜ ሄጄ ሰምቻለሁ። ጥቁር ቀሚሴ በራሴ ጓዳ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል።