ሊጡ ላይ የጣልኩት ጨርቅ

አንቺዬ፣ ፖስት ካርዱ ላይ ያለውን ባሕር እንዳታምኚው፤ እስካሁን ያየሁት የታላቅ እህቴን ኩሽና ብቻ ነው።

ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቷ እርሾ አይገባም። ትናንት ዱቄት፣ ቤኪንግ ፓውደር፣ ሎሚ የተጨመቀበት ወተትና የተከተፈ የጥብስ ቅጠል በማንኪያ አማስላ አበቃች። ማሸት የለ፣ ማሳደር የለ። ስልክ ልታነሳ ስትወጣ፣ እኔ ሞኟ እንደ እኛ ቤት መስሎኝ ሊጡን በጨርቅ ሸፍኜ ምድጃው አጠገብ አኖርኩት። ቆይታ መጣችና ጨርቁን ገፈፈችው።

«ይሄ እንደ እርሾ አይደለም፤ ወዲያው ምድጃ ካልገባ ይሞታል። ደግሞስ ምን ልጠብቅ ብዬ? ሆስፒታል በር ላይ የጠበቅኩት ይበቃኛል» አለችኝ።

ዳቦው ኩፍ ሳይል እንደ ድንጋይ ከብዶ ወጣ። እንደዚያው በላነው። መጠበቅ በቃኝ ያለችው እህቴ ግን ሊፍቱ እኛ ፎቅ ላይ በቆመ ቁጥር ማኘኳን ትታ ጆሮዋን ታቆማለች።

አብረን ወደ እኛ ቤት እንሂድ ብላት እምቢ አለች፤ እኔም ገና ልመናዬን አልጨረስኩም።

ቦታው አለቀብኝ። እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፣ ልጆችሽን እቀፊልኝ። ማሰሮዬ ውስጥ ያለውን እርሾ አደራ እንዳትደፊብኝ፤ ዱቄት ጣል እያደረግሽ አቆዪልኝ። ሰው ይዤ እመጣ ይሆናል።