በቅጠል ስለተጠቀለለው ሻጋታና ስለ ምስክሩ

«በቀን 18/06/2018 ዓ.ም በተደረገ ድንገተኛ ቁጥጥር፣ በምግብ ቤቱ ማዕድ ቤት ውስጥ በቅጠል የተጠቀለለ፣ ነጭ ሻጋታ የወረሰውና ለሰው ምግብነት የማይውል ጥራጥሬ የተገኘ በመሆኑ፣ ሻጋታ መሆኑንም በስፍራው የነበሩ የሥነ ሕይወት ባለሙያ በቃላቸው ያረጋገጡ በመሆኑ፣ ድርጅቱ ላልተወሰነ ጊዜ የታሸገ መሆኑን እናሳውቃለን።»

ይድረስ ለተከበሩ ለአቶ አዝመራው ደርበው
የምግብ ቤቶች ንጽሕና ቃኚ ቡድን መሪ
እንጅባራ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? የከተማችን የማለዳ ብርድ ጉልበትዎን ሳይነካው፣ ጾሙም ጨጓራዎን ሳያስቀይመው ይህ ደብዳቤ እንዲደርስዎ እመኛለሁ። ከላይ ያሰፈርሁት ቃል የራስዎ ቡድን ጽፎ፣ ክብ ማኅተም አሳርፎ በወይዘሮ ደጊቱ ምግብ ቤት በር ላይ የለጠፈው ነው። አንድ ፊደል አልጨመርሁበትም፤ አልቀነስሁበትም። አቤቱታዬን በቁጥር አስቀምጣለሁ፤ ቁጥር ያለው ወረቀት በቢሮዎ ቶሎ እንደሚታይ ተነግሮኛልና።

ይህ ሁሉም የሚያነበው ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነ፣ ደጊቱን የማያውቅ አንባቢ እንዳይቸገር አስቀድሜ ጥቂት ልበል። ደጊቱ የአዲስ ቅዳም ልጅ ናት። ሰባት ዓመት በዓረብ አገር በሰው ቤት ስትሠራ፣ አብራት የምትሠራ ሱሚ የምትባል ኢንዶኔዥያዊት የአገሯን ምግብ አስተማረቻት። ከተመለሰች በኋላም መንገድ በሚሠሩ ቻይናውያን ካምፕ ሁለት ዓመት ወጥ ቤት ሆና የእነርሱንም ሙያ ለቀመች። ከዚያ ከመናኸሪያው ጀርባ አምስት ጠረጴዛ ዘርግታ «የኢንዶኔዥያና የቻይና ምግብ ቤት» የሚል ሰሌዳ ሰቀለች። ከተማው ሳቀ። ገበያ የወጡ ገበሬዎች በሯ ላይ ቆመው በአገውኛ ይቀልዱባት ነበር፤ እርሷም በአገውኛ እየመለሰችላቸው አስገብታ ታበላቸው ነበር። በዓመቱ ከእነርሱ ውስጥ በሹካ ኑድል የሚጠቀልሉ ወጡ።

በቅጠል ተጠቅልሎ የተገኘው ነገር ቴምፔ ይባላል። አኩሪ አተር ተቀቅሎ ይገፈፋል፤ በደረቀ ቅጠል ላይ የተያዘ እርሾ ይነሰነስበታል፤ ከዚያ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ሁለት ቀን ይቀመጣል። በእኛ ብርድ እሺ ስለማይል ደጊቱ እንደ አራስ ልጅ ጋቢ ታለብሰዋለች። ነጩ ሻጋታ ፍሬን ከፍሬ ያያይዘዋል፤ ተቆርጦ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ሲጠበስ ጾመኛን ሥጋ ያስረሳዋል።

አሁን ወደ አቤቱታዬ ልግባ።

አንደኛ፤ ሠራተኞችዎ ሻጋታውን በማየታቸው ስለደረሰባቸው ድንጋጤ ከልብ አዝናለሁ። በዚሁ ጥንቃቄ ግን የየቤታችን ቡሓቃ ለምን እንደታለፈ አልገባኝም። ሦስት ቀን ከርሞ ኩፍ የሚለው ሊጥ፣ ለጾም የሚቀመጠው ስልጆ፣ ለማኅበር የሚጠመቀው ጠላ ሁሉም በእርሾ የሚኖሩ ናቸው። በአገራችን ጎረቤት እርሾ ሲለምን አይከለከልም፤ የተኳረፈ እንኳ ፊቱን አዙሮ ይሰጣል። ሱሚም ለደጊቱ ያደረገችው ይህንኑ ነው። ሲለያዩ እርሾ የያዘ ደረቅ ቅጠል በወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻት። ደጊቱ ከአንዱ ጥቅል ለሌላው እያሸጋገረች፣ አንድም ጊዜ ሳታቋርጥ እስከ የካቲት አሥራ ስምንት ድረስ አቆየችው።

ሁለተኛ፤ ጊዜን በተመለከተ ስላሳያችሁት ልግስና አመሰግናለሁ። «ላልተወሰነ ጊዜ» ብላችኋል፤ እናንተ ጊዜ አላችሁ። ያ ቅጠል ግን የለውም። ደጊቱ እንደምትለው ወር ካለፈው አይነሣም። የመጨረሻው ቅጠል የተዘጋጀው የካቲት አሥራ አምስት ሲሆን፣ ዛሬም በሰፌድ ላይ ሆኖ ከማኅተማችሁ ጀርባ ተቀምጧል። በታሸገበት ቀን «ይህችን ሰፌድ ብቻ ላውጣ» ብላ ለምናችኋለች። ማስረጃ ነው ተብሎ ተከለከለች። ሱሚን በስልክ ብትፈልጋት ስልኩን ሌላ ሰው ያነሣዋል። ቅጠሉ ከሞተ ደጊቱ ሌላ የምታገኝበት የላትም።

ሦስተኛ፤ ይህንኑ ለማስረዳት ሦስት ጊዜ ቢሮዎ መጥቻለሁ። በመጀመሪያው ቀን ስብሰባ ላይ ነበራችሁ፤ ስብሰባ መልካም ነገር ነው። በሁለተኛው ቀን አራት ገጽ ማብራሪያ ከነሥዕሉ አቀረብሁ፤ መዝገብ ቤት ገባ፤ እስካሁን አልወጣም። በሦስተኛው ቀን አንድ ትሑት ባለሙያዎ «የሚበላ ሻጋታ ከሆነ ናሙና ያምጡና ይመርመር» አሉኝ። ናሙናው የት እንዳለ ጠየቅኋቸው። «የታሸገው ቤት ውስጥ» አሉኝ። እንዲከፈት ጠየቅሁ። «ያለ ናሙና ውጤት አይከፈትም» አሉኝ። እግዜር ይስጣቸው፤ ከብዙ ዘመን በኋላ እንደ ተማሪ ራሴን ያከክሁት ያን ቀን ነው።

አራተኛ፤ ወረቀቱ በተለጠፈ በማግስቱ ደጊቱ የፈረስ ሥጋ ታበስል ነበር የሚል ወሬ ተነሣ። ፈረስ ሲሞት በሚለቀስበት አገር ይህ ወሬ ምን እንደሚያደርግ ለእርስዎ አልነግርም። አንድ ሽማግሌ ከሠራተኞችዎ አንዱን «እውነት ነው ወይ ልጄ?» ብለው ቢጠይቁት፣ «ምርመራው አልተጠናቀቀም» ብሎ መልሶላቸዋል። ለጥንቃቄው ምስጋናዬ ይድረሰው።

አምስተኛው በእርስዎ ላይ አይደለም።

«በስፍራው የነበሩ የሥነ ሕይወት ባለሙያ» የተባልሁት እኔ ነኝ። ስሜን ስለሸሸጉልኝ አመሰግናለሁ፤ እንዲህ ያለ ውለታ ከወንድምም አይገኝ። ያን ረቡዕ ምሳዬን እየበላሁ ነበር፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም ጨጓራዬ ከከለከለኝ ቆይቷል። ከጎኔ የስፖርት መምህሩ ይኸነው ተቀምጧል። ሁለቱ ሠራተኞችዎ ጥቅሉን ከጓዳ ይዘው ወጡና በአፍንጫዬ ሥር ፈቱት።

«መምህር፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ሻጋታ ነው» አልሁ።

«ርግጠኛ ነዎት?»

«ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማርሁት ነው» አልሁ፤ ኮራሁም።

ይኸነው በሳቅ ፈርሶ፣ «እንግዲያው ጋሼ፣ ጾሙን ሙሉ ሻጋታ ሲግጡ ነው የከረሙት በሉኛ!» አለ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። በዚያች ቅጽበት «አዎ፣ ሻጋታ ነው፤ እንደ እርሾ ያለ፣ የሚበላ ሻጋታ ነው» ማለት ነበረብኝ። ዘጠኝ ቃል ነው፤ ሌሊት እየነቃሁ ቆጥሬዋለሁ። እኔ ግን ሳህኔ ላይ የቀሩትን ሦስት የቴምፔ ቁራጮች በክርኔ ገፋ አደረግሁና «እኔ እንኳ የምበላው ሩዙን ነው» አልሁ። ዶሮ አልጮኸም፤ የትምህርት ቤቱ ደወል ግን ጮኸ። ተነሥቼ ወጣሁ። ደጊቱ በጓዳው በር ላይ ቆማ ሰምታኛለች። ያን ጥብስ እኔ እንደምወደው ጠርዙን አሳርራ የምታቀርብልኝ እርሷ ናት።

ከዚያ ወዲህ በመናኸሪያው በር ላይ ቅቅል ድንች ትሸጣለች። ሳምንት ሙሉ በላይኛው ጭቃ መንገድ ዞሬ ወደ ሥራ ሄድሁ። በስምንተኛው ቀን ያ መንገድ ተቆፍሮ ስላገኘሁት በፊቷ አለፍሁ። «ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጾሙን በምን ያዙት?» አለችኝ። ነገር የለበትም፤ የልቧን ነው የጠየቀችኝ። ሁለት ትኩስ ድንች በሚጥሚጣ ሰጠችኝና ቆሜ በላሁ። ምነው በሰደበችኝ!

ቃሌን ላርም ብዬ ስመጣ በቢሮዎ የተሰጠኝ መልስ፣ «መምህር፣ ቃሉ የእርስዎ ነው፤ አሁን ደግሞ ሊክዱት ነው?» የሚል ነበር። ከጽሕፈት ቤትዎ ከሰማሁት ሁሉ ስሕተት የሌለበት ንግግር ይህ ብቻ ነው። ልዩነቱ፣ እኔ የካድሁት ዛሬ ሳይሆን የካቲት አሥራ ስምንት ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምጠይቀው ይህን ነው። በሩ እንዲከፈት። ሰፌዱ ከነቅጠሉ ለደጊቱ በእጇ እንዲሰጣት። በበሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ተነሥቶ፣ በምትኩ የጎደሉት ዘጠኝ ቃላት ከነሙሉ ስሜ እንዲለጠፉ። ናሙና ካስፈለጋችሁ ናሙናው እኔ ነኝ፤ ሁለት ዓመት በልቼዋለሁ። ይህ ካልበቃ ቡድኑ በተሰበሰበበት፣ ከፈለጋችሁም በመናኸሪያው መካከል፣ መጀመሪያ እኔ እበላለሁ። ይኸነውንም እጠራዋለሁ።

መልሱን እስከ ሰኞ መጋቢት 14 ቀን 2018 ዓ.ም ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ በጽሑፍ እጠብቃለሁ። በቃል አልቀበልም፤ ባለሙያ በቃሉ የሚናገረው ምን እንደሚያደርስ ሁለታችንም አይተናል። በማግስቱ ቅጠሉ ወር ያልፈዋል፤ ከዚያ በኋላ የምትጽፉልኝ ሁሉ የሐዘን መግለጫ ይሆናል።

የማኅተምዎ ቀለም እንዳይደርቅ፣ የበሮችዎ ቁልፍ እንዳይዝግ እየተመኘሁ፣ ለከተማችን ጤንነት በሚያድሩት እንቅልፍ የለሽ ሌሊት እኔም እንቅልፍ አጥቼ አብሬዎት የማድር፣

ምንይችል ወገኔ
የሥነ ሕይወት መምህር፣ በበራችሁ ላይ ያለ ስም የተለጠፈው ምስክር
እንጅባራ፣ መጋቢት 3 ቀን 2018 ዓ.ም

ማስታወሻ፤ ባለፈው የነቢያት ጾም፣ በከተማችን ዓመታዊ ጉባኤ ምሳ ላይ «ይህ የጾም ጥብስ ግሩም ነው!» እያሉ ሦስት ጊዜ ተመላልሰው ያነሡት ያ ጠርዙ ያረረ ጥብስ ከደጊቱ ቤት የመጣ ቴምፔ ነበር። ከእርስዎ ኋላ ተሰልፌ የነበርሁት እኔ ነኝ፤ ትሪው ሲደርሰኝ ባዶ ነበር። ምን እንደበሉ ያኔም ዐውቅ ነበር፤ ያኔም ዝም አልሁ።