ዳገቱን በጾም የወጡት

እንደ እናቴ ለማይሽ እህቴ ለእትዬ ሸዋወርቅ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? የጅማው ዝናብ አልተለያችሁም ወይ? እኛ መድኃኔዓለም ይመስገን ደኅና ነን። ልጄ ንጋቷም ደኅና ናት፤ ይህን ያስቀደምኩት የሚቀጥለውን ስታነቢ እንዳትደነግጪ ነው።

የበልጉ ገብስ ዘንድሮም አልያዘልንም። ወንዙ መፍሰሱን ትቶ እዚህም እዚያም አቁሯል። ልጆች ሳለን በዚህ ወር ብርዱ ያንቀጠቅጠን አልነበር? አሁን ይሞቃል፤ ቢንቢ ጆሮ ላይ ይጮኻል። ንጋቷን ትኩሳት ሲይዛት ምች ነው ብዬ ዳማከሴ አሸሁላት። ወባ የቆላ ነው፣ እኛ ዘንድ አይወጣም ስንል ኖረን የለ። እየቆየ መቃዠት ጀመረች።

ዓወል የሚባል የአልዩ አምባ በርበሬ ነጋዴ ከባልንጀሮቹ ጋር ከአንኮበር ገበያ ሲወርድ ልቅሶዬን ሰምቶ ገባ። ግንባሯን ዳሰሰና፣ "ጋሼ ታመነ፣ ይህ ምች አይደለም። የእኛው ወባ ነው፤ ተከትሎን ወጥቷል" አለኝ። ረመዳናቸው ነበር፤ ቤታቸው ማፍጠሪያ ተሰናድቶ ይጠብቃቸዋል። እነሱ ግን አህዮቹን ለአንዱ ትተው፣ በጋቢዬ ቃሬዛ አበጅተው፣ ያንን ዳገት በዚያ ፀሐይ ወደ ጤና ጣቢያ ተመለሱበት።

አብሬ ስወጣ አሳዝነውኝ በቅል ውሃ ባቀርብላቸው ዓወል ሳቀብኝ። "የእናንተም የሐዋርያት ጾም ነው አሉ፣ ይልቅ እርስዎ ይጠጡና ኃጢአቱን እኛ እንሸከመው፣ ሸክም እንደሆነ ለምደናል" አለኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾምኩ ብዬ ራሴን የማመሰግን ሰው አፈርኩ። ውሃውን ለልጄ ግንባር አደረግሁት። ደጁ ስንደርስ ፀሐይ ጠለቀች፤ ያፈጠሩት በጤና ጣቢያው ውሃ ነው።

በክኒኑ ትኩሳቱ ለቀቃት። ሌሎችም ታመው ስለነበር የገበሬ ማኅበሩ ወጥቶ ያቆረውን ውሃ እየቀደደ ያፈሰዋል፤ ዓወልም ሲያልፍ ዶማ ይቀበለናል።

ስለቴን ላደርስ ሄጄ ቄስ ወልደተንሣኤን በጸሎት ዓወልንም ያስቡልኝ አልኳቸው።

"የክርስትና ስሙ ማነው?" አሉኝ።

"የለውም አባ። ልጄን የተሸከማት እሱ ነው።"

በጸሎቱ ላይ ስሙን እንዳለ ጠሩት። ደግ አድርጌ ይሆን እያልኩ ሳስብ ሰነበትኩ፤ ልቤ ግን አልከሰሰኝም።

ለባለቤትሽ ለአቶ ዘርአ ዳዊት እጅ ነስቻለሁ። ልጅሽን አበባውን ሳሚልኝ፤ ምራትሽንም በሰላም ትገላገል በያት። ንጋቷ ጉልበትሽን ትስማለች።

ወንድምሽ ታመነ
አንኮበር፣ ሰኔ 20 ቀን 1977 ዓ.ም.