የዓለምነሽ ቀይ አበባ

ሚያዝያ 24

ውሃ ዛሬም የለም። የማስተምራቸው የኬጂ ሕፃናት ከዝናቡ በኋላ ጭቃ ውስጥ ሲንከባለሉ ዋሉ፤ ልብሳቸውን ሳራግፍ ወገቤ ተቆረጠ። ሦስት ወር የሞላው ሆድ ይዤ ከዚህ በላይ መጎንበስ የምችል አይመስለኝም።

ገለታ ማታ መጣ። የኤሌክትሪክ ዕቃውን በር ላይ አስቀመጠ፣ ሆዴን አየት አድርጎ አለፈ። ማርገዜን ስነግረውም እንዲህ ነበር። ደስ ያለው አይመስልም... ደክሞት ይሆናል።

ኤልሮኢ የቤት ሥራዋን ጨርሳ ተኛች። የእንጀራ ልጅ አስቸጋሪ ነው ያሉኝ ሁሉ ይቺን የዘጠኝ ዓመት ልጅ አያውቋትም።

ሚያዝያ 29

ግቢያችን ካለው ጽድ ሥር፣ ባዶ መሬት ላይ፣ ቀይ ነገር ብቅ ብሏል። ቅጠል የለው፣ ምን የለው። እንደ ሰው ጣት አፈሩን ሰንጥቆ። እዚህ ቤት የገባሁት ገና በጥር፣ ሰርጋችን ጊዜ ነው። እዚያ የተተከለ ነገር አለ ያለኝ ሰው የለም።

ግንቦት 2

ፈነዳ። ኳስ የሚያህል፣ ደም የመሰለ ቀይ፣ ከቀጫጭን ክር የተሠራ የሚመስል። እንዲህ ያለ አበባ አይቼ አላውቅም።

ኤልሮኢ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ሮጠች። "የእማዬ አበባ መጣ!"

የእማዬ...

ዓለምነሽ ናት ለካ የተከለችው። ከሞተች አራት ዓመት አልፏል። ገለታ ስለ እሷ የነገረኝ ይህችኑ ነው፦ "ሆስፒታል ገባች፣ አልወጣችም።" ከዚያ ወዲያ ስሟ ቤታችን ውስጥ አይነሳም። ፎቶዋ ኤልሮኢ ክፍል አለ። ቆንጆ ነበረች። አይቼ እንዳላየሁ አልፋለሁ።

ገለታ ሲገባ አበባውን አየው። ቁልፉን በእጁ እንደያዘ ቆመ። "ራት ቀርቧል" አልኩት። አልሰማኝም። ራትም አልበላም።

እኔን እንዲህ ቆሞ አይቶኝ ያውቃል?

ግንቦት 7

ዛሬም ሌላ ፈነዳ። እየበዛች ነው።

ግንቦት 11

ዘይት ልገዛ እትዬ ዘኪያ ሱቅ ሄድኩ። አጥራችን አንድ ስለሆነ አበባው ከሱቃቸው ይታያል።

"ማሻአላህ፣ ዘንድሮም አልቀረም!" አሉኝ። "የጅብ ሽንኩርት ነው የሚሉት። እኛ አገር ይሄ ደጃፉ ላይ ያለ ቤት ቡዳ አይደፍረውም ይባላል። ዓለምነሽ እኮ እጇ ለምለም ነበር። የነካችው ሁሉ ይበቅላል።"

"እውነት?" አልኩ ፈገግ ብዬ። ውስጤ ግን ተቃጠለ። ለዚህ ሰፈር እኔ "የገለታ ሚስት" ነኝ። እሷ ግን ዛሬም ዓለምነሽ ናት።

ሰው በአበባ ይቀናል? በሞተ ሰውስ? እሷ አትሳሳት፣ አታረጅ፣ ወጥ አታሳርር... በምን ልብለጣት?

ግንቦት 18

ሕፃናቱን ይዘን ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ሄድን። ዛፎቹ ጥላ ሥር ስንደርስ... እሱው! ቀይ ኳስ!

አስጎብኚዋን ጠየቅኋት። ልጅ እግር ናት፣ ስታወራ ደስ ትላለች። "የጅብ ሽንኩርት ነው። ጥላ ይወዳል። ግቢሽ ውስጥ ዛፍ ሥር ሌላው አበባ እምቢ ሲል እሱ እሺ ይላል። በጋውን አፈር ውስጥ ተደብቆ ይከርማል፣ ዝናብ ሲሸተው ይወጣል። አንዴ ከያዘ በየዓመቱ ነው።"

በየዓመቱ!

"ግን መርዝ ነው" አለችኝ ድምጿን ቀነስ አድርጋ። "በተለይ ሥሩ፣ ሽንኩርት የሚመስለው። ድሮ አዳኞች ቀስታቸውን ይቀቡት ነበር ይባላል። ልጆቹ እንዳይነኩት።"

ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ መርዝ ነው ስትለኝ ደስ አለኝ።

ግንቦት 20

ለገለታ ነገርኩት። "መርዝ ነው አሉኝ። ልጅ ሊመጣ ነው፣ ይነቀል።"

"እስኪድህ ድረስ ገና ብዙ ጊዜ አለ።"

"ኤልሮኢስ?"

"ኤልሮኢ ታውቃለች። እናቷ አስተምራታለች፣ ነክታው አታውቅም።"

እናቷ አስተምራታለች። እሺ። "ለእኔ ብለህስ?" አልኩት። ሆዴን አየ፣ ወዲያው ዓይኑን አሸሸ። "ተይው ሲኒ" አለኝ ስሜን ጠርቶ። "በቃ ተይው።"

ለእኔ ሲል የማይነቅለው ምን ቢሆን ነው?

ግንቦት 23

ነቀልኩት።

ኤልሮኢ ለሕፃናት መዘምራን ልምምድ ቸርች ሄዳለች፣ ገለታ ሥራ ነው። በዶማ ጀምሬ በእጄ ጨረስኩ። ሽንኩርቶቹ የቡጢ ያህል ናቸው፣ ነጭ፣ ቀዝቃዛ፣ አንዱ ሌላውን ወልዶ ተጣብቀዋል። ማዳበሪያ ውስጥ ከትቼ ከበር ውጭ አጥሩ ሥር አስቀመጥኩ፣ ቆሻሻ አንሺዎቹ እስኪመጡ።

እጄን ያሳክከኛል። ብታጠብም ያሳክከኛል።

ይቀለኛል ብዬ ነበር...

ግንቦት 24

ገለታ ጉድጓዱን አየ። ዶማውን አንስቶ ቦታው መለሰና ገባ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ኤልሮኢ ግን "ማነው የነቀለው?" አለች።

"ውሻ ቆፍሮት ይሆናል" አልኳት።

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ከዚያ ጎንበስ ብላ አፈሩን በእጇ መለሰችው። የልጅ ፊት እያየሁ ዋሸሁ። ቸርች ውስጥ ዛሬ አልዘመርኩም፣ አፌን ብቻ ከፈትኩ።

ግንቦት 26

እትዬ ዘኪያ ለዐረፋ የገዙት በግ ታሟል። ትናንት ከሱቃቸው አጠገብ፣ አጥሩ ሥር አስረውት ነበር። ዛሬ ምራቁ ይዝረበረባል፣ መቆም አቅቶታል።

ማዳበሪያውን አየሁት። ተቀዷል። አንዱ ሽንኩርት ላይ የጥርስ ምልክት አለ።

እትዬ ዘኪያ "ብርዱ ነው፣ ያልፍለታል" ይላሉ። "ካላለፈለትም ሳይሞት ቢላ ይደርስበታል።"

ዝም ብዬ ወደ ቤት ገባሁ። ዝም ብዬ!

ግንቦት 27

ገና አሁን ተቀመጥኩ።

ጠዋት ከአጥሩ ማዶ ቢላ ሲሳል ሰማሁ። የልጅ ልጆቻቸው ይንጫጫሉ፣ "ጉበቱ የኔ ነው፣ የኔ ነው" እያሉ። ጫማ እንኳ አላደረግሁም። ሮጥኩ።

"እትዬ ዘኪያ፣ እንዳያርዱት! መርዝ በልቷል! የጅብ ሽንኩርቱን እኔ ነኝ የነቀልኩት። እዚያ ያስቀመጥኩትም እኔ ነኝ።"

ዞር ስል ገለታ ከኋላዬ ቆሟል። ኤልሮኢም፣ ዩኒፎርሟን ለብሳ። ሁሉንም ሰምተዋል።

እትዬ ዘኪያ ቢላውን ቀስ ብለው አስቀመጡት። "እነዚህ ልጆች ሊበሉት ነበር" አሉ። "ደግሞስ ምን አድርጎሽ ነቀልሽው?"

ሰበብ ፈለግሁ፣ አጣሁ። "ቀንቼ" አልኩ።

ልጆቹን ወደ ውስጥ አስገቡና እኔን ወደ ሱቁ ወሰዱኝ። "ዓለምነሽን እኔ ነኝ ሆስፒታል ያደረስኳት" አሉኝ። "ምጥ ላይ ነበረች። ይኸው አበባ ፈንድቶ ነበር። ደም ፈሰሳት። ሕፃኑም አልተረፈ። አልነገረሽም?"

አልነገረኝም። እኔ በሽታ ነው የመሰለኝ... እኔም አልጠየቅሁ። ለምን አልጠየቅሁም? እንድትነሳብኝ ስላልፈለግሁ።

በጉ እኩለ ቀን ሳይደርስ ሞተ። ገለታ አርቆ ቀበረው። ሽንኩርቶቹንም ሰብስቦ አብሮ ቀበራቸው፤ ጓንት አድርጎ፣ አንድም ሳያስቀር።

ማታ አጠገቤ ተቀመጠ። መሬት መሬት እያየ ነበር የሚያወራው። "አበባው ሲወጣ ያ ቀን ደረሰ ማለት ነው። በየዓመቱ እችለዋለሁ። ዘንድሮ ግን አንቺም... ሆድሽን ማየት አቃተኝ። እንዳላጣሽ ፈራሁ።"

እኔ ደግሞ ዓለምነሽ የናፈቀችህ መስሎኝ፣ አልኩት።

"እሱም አለ" አለ። "አልዋሽሽም።"

ግንቦት 29

ዐረፋ። ገለታ ትናንት አዲሱ ገበያ ዞሮ ዞሮ ሌላ በግ አመጣላቸው። እኔ አብሬው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። እትዬ ዘኪያ "ይሁን" አሉ። ግን ገና አልሳቁልኝም። ይገባኛል።

ኤልሮኢ "ለምን ውሻ ነው አልሽኝ?" አለችኝ።

"ፈርቼ።"

"እኔን?"

"አዎ፣ አንቺን።"

ትንሽ አሰበች። "በጣም ነው የተናደድኩብሽ" አለችና ክፍሏ ገባች። በሩን ዘጋችው።

ሐምሌ 5

ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፤ ሦስታችንም ቤት ዋልን። ምሳ በልተን ስንጨርስ፣ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ "ስለ ዓለምነሽ ንገረኝ" አልኩት።

ገለታ ደነገጠ። "ምኗን?"

"የፈለግኸውን። የሚያስቅ ነገር።"

ከዚያ ከንፈሩ ጫፍ ላይ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። ድምጿ አስቀያሚ ነበር አለኝ። መዘምራን ውስጥ ግን ከፊት ካልቆምኩ ትላለች። አንዴ ሰርግ ላይ ሁሉም ጸጥ ሲሉ እሷ ብቻ ጀመረች፣ ያውም ሌላ መዝሙር...

"አባዬ ቆይ፣ እኔ ልንገራት!" ኤልሮኢ ከክፍሏ ወጣች። ሶፋው ላይ ወጥታ እጆቿን ዘርግታ እናቷን አስመሰለች። ስትሰማው ያደገችው ተረት ነው መሰለኝ። ገለታ ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም።

ቀናሁ? ቀናሁ። ያንን ሳቅ ያሳቅኩት እኔ አይደለሁም። ወንበሬን ግን ወደ እነሱ አስጠጋሁ።

"ከዚያስ?" አልኳቸው።