ማሸጊያቸው ስላልተነካ ሃያ ሁለት ጀሪካኖች

ለክቡር አቶ ላይል ቲቦዶ
የፎርክ ሌክ መንደር በጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊዎች አለቃ
ፎርክ ሌክ፣ ሜይን

ክቡር አለቃ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የጉልበትዎን ሕመም እየጠየቅሁ፣ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ያ ተናካሽ ውሻዎም በሙሉ ጤንነት እንድትከርሙ ከልብ እመኛለሁ። የምጽፍልዎ ሬሚ ቡሻር ነኝ፤ ከአሥረኛ ክፍል ጋር ሳንስማማ ተለያይተን መንደሩ በሙሉ «ይሄ ልጅ ለምንም አይሆንም» ሲል፣ እርስዎ ብቻ ጠርተው የውሃ ቱቦ ያስያዙኝ ሬሚ። ስለዚያ ውለታዎ ዛሬም አመሰግንዎታለሁ። ይህንን የምለው ስቀልድ አይደለም፤ ቀልዱ ከዚህ በኋላ ነው።

አንደኛ። የድሮው እሳት ማጥፊያ አረፋ ውስጥ ያለው ኬሚካል አፈር ውስጥ ከገባ ዘመን እንደማይሽረው፣ የጉድጓድ ውሃችንንም እንደሚበክል ከአምስት ዓመት በፊት በመንደሩ ስብሰባ ቆመው ያስረዱን እርስዎ ነበሩ። ጉዳት የሌለውን አዲሱን አረፋ ለመግዛት ሁለት በጋ ሙሉ በየቅዳሜው የቦሎቄ እራት አዘጋጅተን ሸጥን። እኔ መሬት ቆፍሬ፣ ፍም አንጥፌ፣ ቦሎቄው እንዲበስል ድስቱን ቀበርኩ፤ መንደሩም ሆዱ እስኪነፋ በላ። አረፋው የመጣ ዕለት ጀሪካኖቹን እንደ ሙሽራ መሃል አቁመን ፎቶ ተነሣን። ላሳዩን ደስታ እናመሰግናለን፤ ፎቶው አሁንም ያምራል።

ሁለተኛ። ባለፈው ቅዳሜ የመኪና ማጠቢያ ሳሙና እንዳመጣ ወደ ዕቃ ቤት ላኩኝ። ከሸራው ሥር ጀሪካኖቹን አገኘኋቸው። ሒሳብ ስለማይሆንልኝ ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። የገዛነው ሃያ ሁለት፤ ማሸጊያው ያልተነካውም ሃያ ሁለት። ታዲያ ሦስት ዓመት በየልምምዱ ስንረጨው የኖርነው ምን ነበር ብዬ በትሕትና ብጠይቅዎ፣ ከሚጠግኑት የእሳት አደጋ መኪና ሥር ብቅ እንኳ ሳይሉ «አዬ ሬሚ፣ ጥሩውን ዕቃ ማን መሬት ላይ ይደፋል? አዲሱ ለእውነተኛ እሳት ነው። አሮጌው እንዳይባክን በልምምድ እንጨርሰው ብዬ ነው፤ ያው አረፋ አረፋ ነው» አሉኝ።

የተጣመመ ሚስማር አቃንተው የሚያስቀምጡ ቆጣቢ ሰው መሆንዎን አውቅ ነበር። መርዝም እንዳይባክን እንደሚሳሱ ግን አላወቅሁም ነበርና ስላስተማሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። እውነተኛ እሳት ያሉትም በሦስት ዓመት አንዴ መጥቶልናል፤ የዶሮ ቤት ነበር፤ እሱንም በውሃ አጠፋነው።

ሦስተኛ። ይህኛው ትንሽ ስለሚከብደኝ ይታገሡኝ። በሰኔ የእህቴ የኮሌት ልጅ ሦስት ዓመት ሲሞላው፣ ለልደቱ ግቢያቸውን በአረፋ ልሙላላቸው ብዬ አስፈቀድኩዎ። እኔ እንኳ፣ የመንደሩ ቀልደኛ፣ «የምንረጨው አዲሱ ነው አይደል?» ብዬ ጠይቄ ነበር። እርስዎም «አዲሱ ነው፣ ሂድ አጫውታቸው» ብለው የመኪናውን ቁልፍ በእጅዎ ሰጡኝ። ልጁ እስከ አንገቱ ሰጠመበት። ለእኔ ነጭ ጢም ሠራልኝ፤ ለራሱም ሠርቶ ላሰው። ያኔ የአራት ወር እርጉዝ የነበረችው ኮሌት ሆዷን ደግፋ ሳቀች። አረፋው የሰረገው የውሃ ጉድጓዷ አፍ ላይ ነው።

ክቡር አለቃ፣ በዚህ መንደር ብዙ ተንኮል ሠርቻለሁ፤ የቄሱን ጀልባ ጣሪያ ላይ የሰቀልኩትም እኔ ነኝ። ማንም ላይ ግን እንዲህ ቀልጄ አላውቅም። ይህን የቀለዱት እርስዎ ነዎት፤ በእኔ እጅ፣ በእህቴ ልጅ ላይ።

አራተኛም ነበረኝ፤ ከሦስተኛው በኋላ መጻፍ አቃተኝ። ስለዚህ የቀረውን አሮጌ አረፋ መርዛማ ኬሚካል ለሚረከቡት ሰዎች እንዲያስረክቡ፣ የመኪናውን ታንከር እንዲያሳጥቡ፣ ከጣቢያው በታች ያሉትንም ጉድጓዶች በሙሉ እንዲያስመረምሩ ብቻ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እለምናለሁ።

ለቁጠባዎ፣ ለአስተዋይነትዎ፣ በሰኔ ዓይንዎን ሳያሹ ዓይኔን እያዩ ለሰጡኝ መልስ የማይነጥፍ አክብሮቴን እያቀረብኩ፣ እስከ ባለፈው ቅዳሜ ድረስ እሳት ውስጥ ግባ ቢሉኝ እገባልዎ የነበርኩት፣

ሬሚ ቡሻር

ማስታወሻ፦ እሑድ ለኮሌት ነገርኳት። ሳቀችብኝ። የጀሪካኖቹን ፎቶ ባሳያት «አምናም ድብ ወጥ ቤትሽ ገብቷል ብለህ ፎቶ ልከህልኛል፤ ሂድ ወዲያ፣ አንተ ቀልማዳ» ብላ፣ ከዚያው ጉድጓድ ቧንቧ አንድ ብርጭቆ ሙሉ ቀድታ ፊት ለፊቴ ጭልጥ አደረገችው። የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ የመንደሩ ሱቅ በር ላይ ለጥፌዋለሁ፤ እዚያ የሚያነቡትም ይስቃሉ፤ አውቃለሁ። ስለዚህ እባክዎ፣ ዛሬውኑ ቤቷ ሄደው እርስዎ ይንገሯት። እርስዎን እስካሁን ታምናለች።