የጋሽ ጉግሳ ጊታር አላልቅ አለ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ሲኤምሲ፣ እነ ሀይሚ ቤት ምሳ። ቅቅል ነበር። አባቷ ጋሽ ጉግሳ እንደተለመደው ሶፋው ጥግ፣ እኔ እንደተለመደው ወንበር ጫፍ ላይ። ሁለት ዓመት ሙሉ የወንበር ጫፍ... አንድ ቀን ተንሸራትቼ መሬት መገኘቴ አይቀርም።

ከምሳ በኋላ ካርቶኑ መጣ። ያ የወንድማቸው ልጅ ከቻይና የላከላቸው፣ ባለፈው ሳምንት ከኤርፖርት ጉምሩክ ያስወጣሁላቸው ተገጣጣሚ ኤሌክትሪክ ጊታር። ፈታነው። እንጨቱ ለብቻ፣ አንገቱ ለብቻ፣ ሽቦ፣ ብሎን፣ ክር። መመሪያው በቻይንኛ።

«ድሮ በክፍለ ጦር የኪነት ቡድን ውስጥ ጊታር መቺ ነበርኩ» አሉ። «አሁን ዓይኔ ደክሟል። ትገጥምልኛለህ?»

«እንዴታ ጋሼ!»

ማነው እንዴታ ያለው? እኔ? የትራንዚት ሠራተኛ ነኝ። ዕቃ ማስወጣት እንጂ መግጠም የት አውቄ! የቤቴን አምፖል እንኳ የሚቀይሩልኝ አከራዬ ጋሽ ተስፋጽዮን ናቸው። ግን ለሀይሚ አባት «አልችልም» ይባላል? ያውም ለጥር ሰርግ አስበን፣ ሽማግሌ ልልክ ባሰፈሰፍኩበት ሰዓት? ሀይሚ በጠረጴዛው ስር እግሬን ረገጠችኝ። ዘግይታ።

ስወጣ በር ላይ ያዙኝ። «ሀይሚ የሆነ ነገር ነግራኛለች... እሱን ጊታሩ ሲያልቅ እናወራለን።»

እሱን! ትዳሬን እኮ ነው። ይኸው፣ ትዳሬ በቻይና ብሎን ታሰረ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

እንጨቱ ይቀባ ተባለ። ሰማያዊ ይሁን ብለዋል። ኢምፔሪያል አካባቢ የመኪና ቀለም የሚረጭ ጋራዥ አገኘሁ። ሰውዬው «ሰማያዊ ሞልቷል፣ አታስብ» አለኝ። አላሰብኩም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ጨርቁን ገለጥኩት። ጋሽ ጉግሳ መነጽራቸውን አደረጉ። አወለቁ። መልሰው አደረጉ።

«ፊሊጶስ፣ ይሄ ታክሲ ነው።»

እውነትም! ሰውዬው ሚኒባስ ቀብቶ የተረፈውን ነው የረጨበት። ከላይ ነጩንም ጨምሮልኛል፣ እንደ ምርቃት። ሀይሚ «ገርጂ፣ ገርጂ! አንድ ሰው የቀረው!» እያለች ወደ ጓዳ ሮጠች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አባትየው ግን... ሳቁ። ሲስቁ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ጥርስ አላቸው ለካ! «ይሁን፣ ታሪፍ እናወጣለታለን» አሉ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

የሽቦ ቀን። የመበየጃ ካውያ ተዋስኩ። ቪዲዮ እያየሁ በየድኩ፤ አውራ ጣቴን ጨምሬ። ጋሽ ጉግሳ ከጎኔ ቁጭ ብለው «ቀስ... ቀስ በል እንጂ ልጄ...» ይሉኛል። አብሮት የመጣው ትንሽ ድምፅ ማጉያ ላይ ስንሰካው ይጮሃል። ሲነኩት ይጮሃል፣ ሲተዉት ይብሳል። ግራውንድ የሚሉትን የመሬት ሽቦ ረስቼው ኖሯል። እሱን ስበይድ ጸጥ።

ከዚያ ስለ ኪነት ቡድኑ ሲያወሩኝ ዋሉ። ጅጅጋ ላይ መድረክ መሀል መብራት ጠፍቶ... ግማሹን አልሰማሁም፤ ጣቴ ይለበልበኝ ነበር። «ልጄ» ያሉትን ግን ሰምቻለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29

አለቀ!

አንገቱን በብሎን አሰርን፣ ክሩን ወጠርን። እሳቸው በጆሯቸው ቃኙት። መቱት። እንዴት አባቱ ደስ ይላል! ሀይሚ እጇን እንኳ ሳታደርቅ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ታክሲው ዘፈነ።

ማታ ለጋሽ ተስፋጽዮን «ሽማግሌ ይሁኑኝ» አልኳቸው። «ሱፌን አሳጥባለሁ» አሉኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ጋሽ ጉግሳ ደወሉ። «ክሩ ዝዝዝ ይላል። ቅዳሜ ብቅ ትላለህ?» ምን ይባላል...

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

አንገቱ ወደ ኋላ ጎብጧል። ውስጡን የሚያልፍ ብረት አለ፤ በትንሽ ቁልፍ ሲያጠብቁትና ሲያላሉት አንገቱን ያቀናል። ጥቂት አላላሁት፣ ተስተካከለ። ሙያ ይዣለሁ እኮ! ልሄድ ስነሳ «ቆይ፣ ምሳ ሳትበላ?» ከምሳ በኋላ ደግሞ «ቆይ፣ ይቺን ስማት።» ሲመሽ ወጣሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

እንደገና ደወሉ። «አሁን ደግሞ ክሩ ከፍ አለ፣ ጣቴን ሊቆርጠኝ ነው።»

ሀይሚ ተቆጣች። በእሳቸው አይደለም፣ በእኔ! «ፊሊ፣ አንድ ጊታር እንዴት ያቅትሃል? ጥር እኮ ደረሰ!» ጋሽ ተስፋጽዮንም በበኩላቸው፦ «ሱፉ ታጥቦ አቧራ ሊጠጣ ነው።»

በትክክል ነበር ያስተካከልኩት። እምላለሁ። የቡልቡላ ንፋስ ይሆን? ግን እኮ ቡልቡላ የምኖረው እኔ ነኝ፤ ጊታሩ ያለው ሲኤምሲ ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ቀደም ብዬ ደረስኩ። ሀይሚ ከፈተችልኝና ወደ ጓዳ ተመለሰች። ሳሎን ገባሁ። ጋሽ ጉግሳ ጊታሩን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ ያቺን ትንሽ ቁልፍ ይዘው... ያላላሉ። ያላላሉ! ያ ዓይኔ ደክሟል ያለው ሰውዬ፣ ያለ መነጽር!

ተያየን።

«እ... ላጠብቃት ብዬ ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ ወደዚያ ሲዞር ይላላል።»

«ነው እንዴ?»

ያላሉትን አጠበቅሁ። ምን ላድርግ? ገባኝ እኮ። ልጃቸውን ሊሰጡኝ አይፈልጉም። እንቢ ማለት እያለ፣ በብሎን? እናቷ ካረፉ ወዲህ ሁለት ብቻ ሆነው ነው የሚኖሩት፣ ይገባኛል... አይ፣ አይገባኝም! ተናደድኩ። ለሀይሚ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ምሳ አልበላም ብዬ ወጣሁ። ነገ ሽማግሌ እልካለሁ። ጊታሩ ቢያልቅም ባያልቅም።

እሁድ፣ ኅዳር 14

ጋሽ ተስፋጽዮን ሁለት ጎረቤቶች ይዘው ሄዱ። እኔ ኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ቁጭ። ተመለሱ።

«ጨዋ ሰው ናቸው። ‹ተመካክረን መልስ እንሰጣለን፣ ለጥር ሠላሳ ብቅ በሉ› አሉን።»

ጥር ሠላሳ! ጥር ካለቀ በኋላ ምን የጥር ሰርግ አለ? ወዲያው ዐቢይ ፆም ነው። «ልማድ ነው፣ ልጅ በአንዴ አይሰጥም» ይሉኛል። ልማዱማ ሁለት ሳምንት ነው። ደግሞ አስጠነቀቁኝ፦ «መልሱ እስኪመጣ እዚያ ደጃፍ እንዳትደርስ፤ ነውር ነው።»

ሀይሚ ስልክ ላይ አለቀሰች። ከፋሲካ በኋላስ ምን ሰበብ ይገኝ ይሆን? ፈራሁ። የምር ፈራሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ሰው ቅዳሜን ቤቱ ተቀምጦ የሚውለው እንዴት ነው? ልብስ አጠብኩ። የታጠበውን ደገምኩት። ምሳ ሰዓት ላይ ስልክ ጮኸ።

«ፊሊጶስ፣ ምነው ቀረህ? ምሳ ቀርቧል እኮ።»

«ጋሼ... መልስ እስኪሰጥ መምጣት ነውር ነው አሉኝ።»

«ማነው ያለው?»

«ሽማግሌዎቹ።»

«እስከ መቼ?»

«እርስዎ እስከቀጠሩት። እስከ ጥር ሠላሳ።»

ቴሌቪዥኑ ይሰማኛል። ሀይሚ ሰሃን ስታስቀምጥ ይሰማኛል።

«ጥር ሠላሳ...» አሉ፣ ሌላ ሰው የቀጠረው ይመስል። «ብዙ ቅዳሜ ነው እኮ።»

ደህና ዋል ሳይሉኝ ዘጉት።

እሁድ፣ ኅዳር 21

ከሰዓት በሬ ተደበደበ። ጋሽ ተስፋጽዮን፣ ሱፋቸውን እንደለበሱ፣ ደረጃውን ሮጠው ወጥተው እያለከለኩ። የሀይሚ አባት ትናንት ማታ ራሳቸው ደውለው «ነገ ኑ» ብለዋቸዋል! ቀጠሮ ሳይደርስ የልጅ አባት ሽማግሌ ሲጠራ! ለእኔ ሳይነግሩኝ ሄደው መመለሳቸው ነው።

«ዕድሜ ልኬን ሰው ሳጋባ እንዲህ ያለ ጉድ አላየሁም» አሉኝ።

«እና? ሰጡን?»

«ሰጡ እንጂ! ወግ የለ፣ ጥያቄ የለ፣ በደንብ እንኳ ሳንቀመጥ። ‹በጥር ይደገስ› አሉ። አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቁት።»

«ምን?»

«‹ሀይሚን ውሰዱ። ልጁን ግን ቅዳሜ ቅዳሜ መልሱልኝ።›»

ጋሽ ተስፋጽዮን አልገባቸውም። «ምን ማለታቸው ነው? ዕዳ አለብህ እንዴ?» ይሉኛል። እኔ በሩን ተደግፌ እስቃለሁ፣ እስቃለሁ... ከዚያ እንባዬ መጣ። እኔ ጅሉ፣ ልጃቸውን የነፈጉኝ መስሎኝ ነበር።

ማልቀሴን ለሀይሚ አልነግራትም።